ከለገጣፎ እስከ ፒያሳ፦ ጥሩ ሚሌፎሊዬ ፍለጋ፣ የሰባት ወር ማስታወሻ

የጣሊያን ኬክ ጥሩውን ከመናኛው መለየት እማራለሁ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከለገጣፎ ወደ ፒያሳ መመላለስ ከጀመርኩ እነሆ ሰባት ወር ሞላኝ። መጀመሪያ ያገኘሁትን ሁሉ እቀምስ ስለነበር የተማርኩት ነገር አልነበረም፤ ከሦስተኛው ወር ወዲህ ግን ፍለጋዬን በአንድ ኬክ፣ በሚሌፎሊዬ ላይ ብቻ ወሰንኩ። ስሙ በጣሊያንኛ «ሺህ ቅጠል» ማለት ሲሆን፣ በስስ የሊጥ ንብርብሮች መካከል ከእንቁላል አስኳል፣ ከወተትና ከስኳር የተሠራ ክሬም የሚገባበት ነው።

ይህን የመረጥኩት መደበቂያ ስለሌለው ነው። ቦምቦሊኖ ትኩስ ከሆነ ብዙ ጉድለቱ ይሸፈንለታል፤ ባባ የሚባለው ኬክም የተነከረበት ሽሮፕ የሊጡን ድርቀት ይከልልለታል። የሚሌፎሊዬ ሊጥ ግን ቅቤ ታቅፎ፣ ለሦስት እየታጠፈ ስድስት ጊዜ ቢዳመጥ የቅቤው ድርብ 729 ይደርሳል፤ ምድጃ ሲገባም በውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ድርቦቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። በቅቤ ፈንታ ማርጋሪን ከገባበት ዓይን ላይለየው ይችላል፤ ቅቤ ግን በአፍ ሙቀት ስለሚቀልጥ፣ ማርጋሪኑ ላንቃ ላይ ትቶት በሚቀረው የቅባት ሽፋን ይታወቃል። ይህን ለመለየት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳልውጥ ማኪያቶዬን አልነካም፤ ትኩስ ነገር ያንን ሽፋን አጥቦ ይወስደዋልና።

ትልቁ ስህተቴ የሰዓት ነበር። በአያትና በመገናኛ በኩል ታክሲ እየቀያየርኩ 5 ሰዓት ላይ ስደርስ፣ መስታወቱ ውስጥ የቀረው ኬክ ሊጡ በክሬሙ ርሶ፣ ሹካ ሲያርፍበት ከመሰበር ይልቅ ይጎብጥ ነበር። ጥፋቱ የጋጋሪው አይደለም፤ ክሬም የገባበት ሊጥ ከጥቂት ሰዓት በላይ ደረቅ ሆኖ አይቆይም። አንድ አሮጌ ኬክ ቤት ውስጥ ነጭ ኮት የለበሱ አዛውንት አስተናጋጅ ለሦስተኛ ጊዜ ሳህኑን ሳልጨርስ ስተወው አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ የጠዋት ነገር ነው፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ና» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ በሳምንቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ያን ዕለት ሹካዬ ሲነካው ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ተንኳኳ፤ ፍርፋሪውም ሹራቤ ላይ ተበትኖ እስከ መገናኛ አብሮኝ ሄደ።

ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ኬኩም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራ በኋላ በከተማዋ ከቀሩ ጣሊያናውያን ጋር የኖረ ሙያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ቤቶች ስለፈረሱ፣ ዘግይቶ ለጀመረ እንደ እኔ ላለ ሰው የሚዞርባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው።

በቤቴም ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። በመጀመሪያው የወጥ ቤት ለጋ ቅቤ ተጠቅሜ ከሊጡ እየሾለከ ትሪው ላይ ተንጣለለ፤ በሁለተኛው የገበታ ቅቤ ገዝቼ፣ በየማጠፉ መካከል ሊጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ ባሳርፈው ጫፉ ላይ አራት አምስት ድርብ በግልጽ ታየ። ከ729 አንጻር እምብዛም ባይሆንም፣ ልጆቼ እስኪያልቅ በልተውታል።

ሰኞ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ቅቤና እንቁላል ለ55 ቀን ይቆያሉ። የቀረችኝን አንዷን ቅዳሜ በ1 ሰዓት ተኩል ጋሼ ዘንድ ተገኝቼ፣ በዚያው ካኖንቺኖውንም (በክሬም የተሞላውን ጥቅል ሊጥ) እቀምሳለሁ።