የሚጮኸውን የመኪናዬን ፋን ሞተር እንዴት ቀየርኩት

«ለደጋ አገር ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ መኪናው እንዲቀዘቅዝለት የሚመኝ የለም፤ እውነት ነው። ወደ መኪናው ውስጥ አየር የሚነፋው ፋን የሚያስፈልገው ግን ለሙቀት ብቻ አይደለም። በክረምት ከቡሬ ተነሥቶ በቲሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ውጭ ዝናብና ጉም፣ ውስጥ የተሳፋሪው ትንፋሽ ተባብረው መስታወቱን ያለብሱታል። ያን ጊዜ መንገዱን የሚያሳይህ ፋኑ ነው። በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ደግሞ ጠዋት የለበስከውን ሹራብ ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ታወልቃለህ። ስለዚህ ፋኑ የማይሠራ መኪና ለጎጃም መንገድ አይሆንም ባይ ነኝ።

የእኔው መጮህ የጀመረው ታኅሣሥ ላይ፣ ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን ነው። በየሦስት ወሩ እናቴን ለሕክምና ባሕር ዳር አደርሳለሁ። አቧራ ስለሚያስላት መስኮት አንከፍትም፤ ፋኑ መንገዱን ሙሉ ይሠራል። መጀመሪያ ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ደንበጫ ስንደርስ ወደ ሲጥታ ተለወጠ። «ልጄ፣ ይህ ነገር መንገድ ላይ እንዳያስቀረን» አለችኝ። «አይዞሽ እማዬ፣ የመኪናው ሞተር አይደለም» አልኳት፤ እኔም ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

የጠየቅኩት መካኒክ ድምፁን ከውጭ ሰምቶ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ኮምፕረሰር የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው፣ የብዙ ብር ዕቃ ነው። ቤቴ ገብቼ አንድ ቀላል ሙከራ አደረግሁ። የመኪናውን ሞተር ሳላስነሣ ቁልፉን ብቻ አዞርኩና ፋኑን ከአንድ እስከ አራት ከፍ ዝቅ አደረግሁት። ድምፁ ከፋኑ ጋር አብሮ ወጣ፣ አብሮ ወረደ። ኮምፕረሰሩ በችንጋ የሚዞረው የመኪናው ሞተር ሲነሣ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሣ የሚጮህ ነገር ኮምፕረሰር ሊሆን አይችልም። ይህን ሙከራ ሳያደርግ ለማንም ገንዘብ የሚከፍል ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል።

በእኔ መኪና ፋን ሞተሩ በጋቢና በኩል ካለው የክሩስኮት መሳቢያ ሥር፣ በሦስት ቪቴ ታስሮ ይገኛል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየሁ። በዚያ አካባቢ የኤርባግ ሽቦ ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሶኬት አለው፣ እሱን መነካካት አይገባም። ከዚያ እግሬን ከበሩ ውጭ ዘርግቼ፣ ራሴን ከክሩስኮቱ ሥር አስገብቼ፣ በአጭር ካቻቪቴ ቪቴዎቹን ፈታሁ። ሞተሩ ሲወርድ ፊቴ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጤፍ ገለባ አብሮ ፈሰሰ። መኪናዬን የማቆመው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ቅጠሉ ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ በዝናብ መጥረጊያው በኩል ባለው የአየር መግቢያ እየገባ ፋኑ ውስጥ ተከማችቷል። ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው እሱ ነው።

ጠራርጌ፣ ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጌ መለስኩት። ሁለት ሳምንት ዝም አለ፤ ከዚያ ሲጥታው ብሶ ተመለሰ። እንደገና አውርጄ ዘንጉን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ ጎን ሳወዛውዘው ይላወሳል፤ ጣቴም በካርቦን ዱቄት ጠቆረ። መላወሱ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሽ አልቋል ማለት ነው። ያለቀን ቡሽ ዘይት አያድነውም፤ ጭራሽ አቧራ ይሰበስብበታል። ያን ቀን ይህን ወዝዋዜ ፈትሼ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጊዜ አልፈታም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ፋን ሞተር ገዝቶ ላከልኝ። ቅርጹም፣ ሶኬቱም፣ የቪቴው ቀዳዳም አንድ ነው። ከማሰሬ በፊት ግን አሮጌውንና አዲሱን መሬት ላይ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ሞተሩ ሲነሣ ስለሚዘል በእግሬ ጠበቅ አድርጌ ይዤ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ በሽቦ አገናኘኋቸው። አሮጌው ወደ ቀኝ ዞረ፣ አዲሱ ወደ ግራ። የፋኖቹን ክንፎች ባያቸው ጥምዘዛቸውም ተቃራኒ ነው። ሻጩ ሲጠየቅ ሞተሩ ከቀኝ መሪ መኪና የወጣ መሆኑን ተናገረና ለወጠልን። እንዲህ ክንፎቹ ዙሪያውን የተደረደሩበት ክብ ፋን በተቃራኒው ቢዞርም ነፋሱ የሚወጣው በዚያው በኩል ነው፤ ኃይሉ ግን ይደክማል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ብታስረው ይሠራል፣ አንተም ለምን እንደ ደከመ ሳታውቅ ትኖራለህ።

ትክክለኛው ሲመጣ ማሰሩ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሶኬቱን ስመለከት ግን አንዱ ጥርስ ጠቁሮ ፕላስቲኩ ቀልጦ ነበር። እየከበደው የሚዞር ሞተር ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ሙቀቱ ሶኬቱንና ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ረዚስተር ያቃጥላል። ፋናችሁ በአራት ብቻ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ረዚስተሩን እዩት። የፊውዝ ሳጥኑን ስከፍት ደግሞ ቀድሞ የነካው ሰው ክዳኑ ላይ ከተጻፈው የሚበልጥ ፊውዝ አስገብቶበት አገኘሁ። ይህ በጣም አስቆጣኝ። ፊውዙ ተቃጥሎ ሽቦውን ማዳን ሲገባው፣ ሽቦው ተቃጥሎ ፊውዙ እንዲተርፍ ማድረግ ነው፤ መኪናው ውስጥ እናቴ ትቀመጣለች። ሶኬቱንም ፊውዙንም በልኩ ቀየርኩ።

የአየር መግቢያው ላይ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ቆርጬ አሰርኩበት፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ የተሰበሰበውን ቅጠል አነሣለሁ። አሮጌውን ሞተር አልጣልኩትም። መኪናዬ ይጮሃል ብሎ የሚመጣ ጎረቤት ካለ፣ ካቻቪቴ ከማንሣታችን በፊት እሱን እሰጠውና ዘንጉን እንዲያወዛውዘው አደርጋለሁ።