ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት

ታናሼ አንገቱ ላይ እብጠት የወጣበት ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ጋራዥ ስለሚሠራ "ከባድ ነገር አንስቶ ነው" ብለን ተውነው። እብጠቱም አያመውም ነበር። ሌሊት ላብ አጥምቆት ሲነሳ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲል ነው የደነገጥነው። ናሙና ተወሰደ፤ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ተባለ። ገና 23 ዓመቱ ነው።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ከካንሰሮች ውስጥ ብዙ ሰው ድኖ ከሚነሳባቸው አንዱ ይሄ ነው አለን። እማ ይሄን ስትሰማ "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን የሰማች አይመስለኝም። እኔ መስማቴን ቀጠልኩ። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በየ2 ሳምንቱ በደም ሥር እንደሚሰጥ፣ እንደሚያስመልስ፣ ፀጉር እንደሚያረግፍ፣ ትኩሳት ከያዘው ሌሊትም ቢሆን ይዘነው እንድንመጣ ነገረን። ልጅ ስለመውለድ ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

ባዮሎጂ ማስተማሬ እዚህ ጋ ጠቀመኝ። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሴል ላይ ይበረታል። ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው ለዚህ ነው። ወንድ ደግሞ ከጎረመሰ ጀምሮ ስፐርም ማምረቱን አያቋርጥም፤ አንዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ 2 ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። እንዲህ ቀን ከሌት የሚሠራ የሰውነት ክፍል ከኬሞ እንዴት ያመልጣል? ስለዚህ ጠየቅኩ። "ዶክተር፣ መውለዱስ?"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ጥሩ አነሳሽው" አለኝ። ለታናሼ የታሰቡት 4 መድኃኒቶች በዚህ በኩል ቀለል ይላሉ። ስፐርሙ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል፤ አብዛኛው ሰው ላይ ግን በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ይመለሳል። ችግሩ በሽታው ካገረሸ ነው። ያኔ የሚሰጡት መድኃኒቶች ከባድ ናቸው። የመቅኒ ንቅለ ተከላ ካስፈለገማ የመውለድ ተስፋው ይመነምናል። ስፐርሙን አስቀዝቅዞ ማስቀመጥ ከፈለገ ጊዜው አሁን ነው፣ የመጀመሪያው ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት። "ጥቂት ቀን እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልችልም" አለ።

በር ላይ የተኮለኮለውን በሽተኛ ስላየሁ አልተቀየምኩትም። ግን የኬሞ ፈቃድ የምንፈርምበት ወረቀት ላይ "ወደፊት መውለድ ይፈልጋሉ?" የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ምን ይጎዳል? እህቱ ባዮሎጂ የማታስተምር ልጅስ ምን ይሁን?

እቤት ስንደርስ እማ ተቆጣች። "የልጄ ነፍስ ትትረፍልኝ እንጂ ምን ልጅ ልጅ ትያለሽ!" በሱ ፊት ማንሳቴ ራሱ አሳፍሯታል። እኔም ብሆን ታናሽ ወንድሜን ስለ ዘር ፈሳሽ ማናገር ጤና በሆነ ቀን የማስበው ነገር አይደለም። እዚሁ ደሴ ከሸዋበር ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስንመጣ፣ የሹፌሩ ዘፈን ሲያንባርቅ፣ ጣል አደረግኩለት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "እታለም፣ ሚስት ሳላገባ ልጅ ላስቀምጥ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቄ መጣ። ሹፌሩ በመስታወት አየን።

እማን ያለዘባት አጎታችን ናቸው። ማታ ዱዓ ሊያደርጉለት መጡ። ሼህ ናቸው፤ ነገር ሳያጣሩ አይናገሩም። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ አዳመጡኝና ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ። "ከሌላ ሰው ጋር አይቀላቀልም? የሚውለውስ ለገዛ ሚስቱ ብቻ ነው?" ዕቃው ላይ ስሙና ቁጥሩ እንደሚጻፍ፣ ያለ እሱ ፊርማ ማንም እንደማይነካው ነገርኳቸው። "እንዲያ ከሆነ ሰበቡን አድርሱ" አሉ። እማ ቀና ብላ "መቼ ነው የምትሄዱት?" አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ስታዳምጥ የነበረች አልመሰለኝም ነበር።

እዚህ ሰጥቶ መላክ አይቻልም። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መግባት አለበት፤ ደሴና አዲስ አበባ ደግሞ በመካከላቸው 400 ኪሎ ሜትር አለ። ስለ መንገዱ ማንንም ወሎዬ ጠይቁ። ዘመድ አዋጣልንና ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄድን።

አዲስ አበባ ያለው የመካንነት ክሊኒክ መጠበቂያ ውስጥ ያለው ሁሉ ባልና ሚስት ነው። ነርሷ "ባለቤትሽ ነው?" ስትለኝ "ወንድሜ ነው፣ ኬሞ ሊጀምር ነው" አልኳት። ወረፋ ሳታስጠብቅ አስገባችው። ክዳን ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችው፤ ላይዋ ላይ የተጻፈውን ስሙን ድምፁን አውጥቶ እንዲያነብ አደረገችው። አጎታችንን አስታወስኳቸው። ታናሼ ሲመለስ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር፤ ስልኬ ላይ ምንም አልነበረም።

ቁጥሩ ከጤነኛ ሰው ያነሰ ሆነ። በሽታው ራሱ ይቀንሰዋል አሉን። ግን አይናቅም። እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ አንድ ስፐርም በቀጭን መርፌ እንቁላል ውስጥ አስገብቶ ማስረገዝ ይቻላል። በሚሊዮን አለመቆጠሩ ያን ያህል አያስጨንቅም። ፈሳሹ በቀጫጭን ቱቦዎች ተከፋፍሎ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይገባል፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። እዚያ ውስጥ አያረጅም። አሜሪካ ውስጥ በበረደ ስፐርም ልጅ ከተወለደ ቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ከ20 ዓመት በላይ ተቀምጦ ልጅ ያስገኘም አለ። እኔ ይሄን ሁሉ ሳስረዳው እሱ የማስቀመጫው ክፍያ በየዓመቱ መሆኑ ነው የከነከነው።

ከዚያ ቅጹ መጣ። መሐል ላይ "ናሙናውን የሰጠው ሰው በሕይወት ባይኖር ናሙናው ምን ይደረግ?" ይላል። እኔ ብሆን ቀኑን ሙሉ አፍጥጬበት እውል ነበር። እሱ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ "ይወገድ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። "አባት የሌለውን ልጅ ማን ያሳድጋል" አለ። ፈርሞ ሲያበቃ ምሳ የት እንደምንበላ ጠየቀኝ። በሽተኛ የሆነ ሰው ላይ እንዲህ ያለ እርጋታ ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

አሁን ኬሞውን ጀምሯል። ሰው ደግሞ እኔን መጠየቅ ጀምሯል። ባለፈው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ እህቷ አማከረችኝ፤ የጡት ካንሰር ነው። የሴቶቹ ነገር ይከብዳል። ሴት እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው፤ ያለቀው አይተካም። እንቁላል ለማስቀመጥ 2 ሳምንት ያህል የሆርሞን መርፌ፣ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ በመርፌ መቅዳት አለ። ወጪውም የትየለሌ ነው። ኬሞው ሲሰጥ በየወሩ የሚወጋ፣ እንቁላሉ ያለበትን ኦቫሪ የሚያስተኛ መርፌም አለ፤ ይረዳል፣ ግን ዋስትና አይደለም። የማኅፀን በር ካንሰር ይዟት ጨረር የሚታዘዝላት ወጣት ደግሞ ጨረሩ ሳይጀመር ኦቫሪዋን በቀዶ ሕክምና ከፍ አድርጎ ማሸሽ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ አለባት። ይሄንን ለማንም እናገራለሁ፣ አላፍርም።

የከበደኝ የጎረቤታችን ልጅ ነገር ነው። 9 ዓመቷ ነው፣ የደም ካንሰር። እናቷ እየፈራች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የኔዋስ እናት ትሆናለች?" አለችኝ። ላልደረሰች ልጅ ያለው አማራጭ ከኦቫሪዋ ቆርጦ ማቀዝቀዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቤልጂግ ውስጥ አንዲት ሴት እንዲህ ተቀምጦ የተመለሰላት ኦቫሪ ልጅ አስገኝቶላታል። ለደም ካንሰር ግን ሐኪሞች ይፈሩታል፤ ቁራጩ ሲመለስ የካንሰሩ ሴል አብሮ ሊመለስ ይችላል። ደግነቱ ልጆችን በብዛት የሚይዘው የደም ካንሰር የተለመደው ሕክምናው ኦቫሪን ብዙ አይጎዳም። የሚያሰጋው ንቅለ ተከላና መላ ሰውነት ላይ የሚሰጥ ጨረር ነው። ይሄንን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችኝ።

ከደብተር ገንጥዬ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩላት። የያዛት የደም ካንሰር የትኛው ዓይነት ነው? የታዘዘላት መድኃኒት ኦቫሪ ይጎዳል? ንቅለ ተከላ ወይም ጨረር ታስቧል? ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ሰኞ አብሬያት እገባለሁ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የፊዚክሱ መምህር ይይዝልኛል።