የ1966ቷ ቮልስ የእኔ ሆነች

ባለፈው ጥር መጨረሻ ሊብሬው በስሜ ዞሮ በፈረንጆቹ የ1966 ሥሪቷ ቮልስ የእኔ ከሆነች ወዲህ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ጥቂት ጨምረህ ቪትዝ አትገዛም ነበር?» በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ በአዲስ አበባ ገበያ «ጥቂት» የሚባለው ጭማሪ ምን ያህል እንደሆነ ዋጋ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ይሁንና ገንዘቡ ቢኖረኝም ምርጫዬ አይለወጥም ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኝ የኖርሁት ቮልስን ነውና።

ምኞቱ የጀመረው በሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ አንድ መምህር እሑድ እሑድ መኪናቸውን ደጃፍ አቁመው የኋላ ክዳኗን ሲከፍቱ፣ እኛ ልጆች ከበን ስንመለከት ነው። ያኔ ሞተሯ ከኋላ መሆኑ ብቻ ይበቃን ነበር፤ እያደግሁ ስሄድ የማረከኝ ግን አሠራሯ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። የሚያቀዘቅዛቸው በቺንጊያ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ፣ የሚዞር ማራገቢያ የሚነፋው አየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህም የሚፈላ ውኃም ሆነ የሚያፈስ የውኃ ፓምፕ አያሰጋትም። የሞተሩ ክብደት የሚያርፈው መኪናዋን በሚገፉት የኋላ ጎማዎች ላይ በመሆኑ በክረምት ጭቃ ላይ ከብዙ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ይልቅ መሬት ትይዛለች። በትዕግሥት የተማረ ማንም ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያውቃት ይችላል፤ ኮምፒውተር ካልተሰካባቸው ሕመማቸውን በማይናገሩ መኪኖች ዘመን ይህ ለእኔ ከፍጥነትም ከምቾትም ይበልጣል።

ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፏት ይህች መኪና ለሕዝብ በብዛት መመረት የጀመረችው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የቮልፍስቡርጉ ፋብሪካ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር በነበረበት ጊዜ ነው። በፈረንጆቹ 1972 የፎርድን «ሞዴል ቲ» የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በ2003 በሜክሲኮ ፑኤብላ የመጨረሻዋ ስትወጣ ጠቅላላ ቁጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ቮልስ በተነሣች ቁጥር ሳይጠቀስ የማይታለፈው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ብዙ ሰው ይህን የሚያነሣው የውርደት ምልክት አድርጎ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ መኪናዋ እዚያ ታሪክ ውስጥ የገባችው ያለ ጥፋቷ ነው።

የእኔዋን ያገኘሁት በደላላ አይደለም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ ለዓመታት የቆመችባቸው አንድ እናት ሊሸጧት እንደሚፈልጉ ከሥራ ባልደረባዬ ሰማሁ። በከተማችን የሚታዩት ብዙዎቹ ቮልሶች ፓራፋንጎአቸው ሰፍቶ፣ ጎማቸው ተለውጦ፣ ቀለማቸው እንደገና ተቀብቶ ነው፤ ይህን የሚወዱትን አልነቅፍም፣ እኔ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች የቆየችውን ነበር የምሻው። የፊት ኮፈኑን ስከፍት ትርፍ ጎማው በቦታው ተቀምጧል፤ ከመስተዋት ማጠቢያው የውኃ ዕቃ የምትወጣው ቀጭን ቱቦም አልተነቀለችም። በዚህች መኪና የማጠቢያው ውኃ የሚረጨው በነፋስ ግፊት ነው። ያችን ቱቦ ነቅሎ የሚጥላት ብዙ ስለሆነ፣ እርሷን ሳይ ቀሪው አካልም እንዳልተነካካ ገመትሁ። እናትየዋ በዋጋው ላይ ብዙ አልተከራከሩም። «ልጄ፣ ፈታተህ እንዳትሸጣት ብቻ አደራ» አሉኝ። «እማማ፣ ያስረከቡኝን እንደያዝሁ አቆያታለሁ፤ አይስጉ» አልኋቸው።

ወደ ጋራዥ የሄደችው ተጎትታ ነው። ሰርባቲዮው፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ማለት ነው፣ ዝገት ይዞ ስለነበር ወርዶ ታጠበ፤ ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ጸዳ፤ የፍሬን ጎማዎችና የነዳጅ ቱቦዎች ስለደረቁ ሁሉም ተለወጡ። ካንዴላውንና ቺንጊያውን ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ አገኘሁ፤ የቀረውን ከጀርመን የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። አሁን በየቀኑ ወደ ሥራ እነዳታለሁ። 1300 የሚባለው ሞተሯ አዲስ ሳለ ጉልበቱ 40 ፈረስ ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ፣ አየሯ የሳሳ ከተማ ስለሆነች የእንጦጦን ዳገት የምወጣው በሁለተኛ ማርሽ፣ ከኋላዬ ያለው ክላክስ ሲያደርግ እየሰማሁ ነው። ከሁሉ በላይ ዓይኔ የማይለየው ቀዩ የባትሪ መብራት ላይ ነው። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጊያ ስለሆነ፣ መብራቱ ድንገት በርቶ ካልጠፋ ቺንጊያው ተበጥሶ ሞተሩ ያለ ነፋስ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ግዴታ ነው። ትርፍ ቺንጊያና መፍቻ ከወንበር ሥር አይጠፋም።

ያልተቋጨው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። መኪናዋ እስካሁን በ6 ቮልት ስለምትሠራ የፊት መብራቷ ደካማ ነው፤ ማታ ማታ ከፊት የሚመጣ ሚኒባስ ረጅሙን ካበራብኝ መንገዱ ጨርሶ ይሰወርብኛል። በዚህ ሙያ ያረጁት መካኒኬ እንደ ሌሎቹ ወደ 12 ቮልት እንድናዞራት ይወተውቱኛል። «ጋሼ፣ እስከ ክረምት ይታገሡኝ» ብያቸው፣ እስከዚያው ከመሸ አልነዳትም። እርሳቸው ግን የ12 ቮልቱን ዲናሞ ከወዲሁ ገዝተው መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጠውልኛል።