ሸክላና ዲጂታል፦ መጀመሪያ ቅጂው ከየት እንደመጣ እንጠይቅ

ኢንተርኔት ላይ የምንሰማቸው የድሮ ዘፈኖች ብዙዎቹ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ ከርመው በመጨረሻ ኤምፒ3 የሆኑ ናቸው። በተገለበጡ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፤ ሽሽ የሚለው ይጨምራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ከጀመረው ከሙዚቃ አሳታሚው ከአምሃ ሬከርድስ ንጹሕ የ45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ አጠገብ አስቀምጦ «ዲጂታል ነፍስ የለውም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ድምፁን ያበላሸው ካሴቱ ነው።

በልኬት ከሄድን ዲጂታል ይበልጣል። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ በ16 ቢት ይለካል፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ስፋትም 96 ዴሲቤል ገደማ ነው። ጥሩ ሸክላ ከ60 እስከ 70 ቢደርስ ነው። ትልቁ ሸክላ ላይ ደግሞ ከዳር በሰከንድ 50 ሴ.ሜ ያህል ድምፁ የተቀረጸበት ቦይ በመርፌው ሥር ያልፋል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ 21 ገደማ ብቻ ይቀራል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ «ሰ» እና «ሸ» የሚሻክሩት ለዚህ ነው። ሆኖም ዲጂታሉ ጮክ እንዲል ተብሎ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅ ከልክ በላይ ተቀራርቦ ከታመቀ፣ ሸክላው በእርግጥ የተሻለ ይሰማል። ስታወዳድሩ የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል አድርጉ፤ ጆሮ ትንሽ ከፍ ላለው ያደላል።

ኮዬ ፈጬም ሆነ ሱሉልታ ለሚኖር ሰው ትልቁ ጠላት የበጋ አቧራ ነው። የጉድጓድ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ስለሚተው፣ የባትሪ ውሃ ግዙ (አሲዱን አይደለም!)። በግማሽ ሊትር ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩ፤ መሃል ያለውን ወረቀት ሳታርሱ ለስላሳ ብሩሽ በቦዩ አቅጣጫ አዙሩ፤ በንጹሑ ውሃ አለቅልቁና አቁማችሁ አድርቁ። ሸክላው ሲዘል መርፌው ላይ ሳንቲም መለጠፍ ይቅር። የመርፌው ጫና ለካርትሪጁ (መርፌው ለተገጠመበት ክፍል) በተወሰነው ልክ ይሁን፤ ለብዙዎቹ 2 ግራም አካባቢ ነው። ገልባጭ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሆናችሁ፣ ማጫወቻውን ከስፒከሩ ለይታችሁ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ አስቀምጡት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የመብራቱ ነገር ነው። ከአሜሪካ የመጣና ሞተሩ የመብራቱን ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) ተከትሎ የሚዞር ማጫወቻ የተሠራው ለ60 ኸርዝ ነው። የእኛ 50 ስለሆነ 33⅓ ዙሩ ወደ 28 ይወርዳል፤ ዘፈኑም በኖታ ሦስት ግማሽ ድምፅ (ሴሚቶን) ያህል ዝቅ ይላል። ትራንስፎርመር 220ውን 110 ያደርጋል እንጂ ኸርዙን አይነካም፤ ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ (የሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገባ መዘውር) ያስፈልጋል። ቀበቶው ከላላም ዙሩ ይዋዥቃል፤ ያኔ ሰው ሸክላውን ይወቅሳል።

ለእኔ ትክክለኛው መንገድ ንጹሕ ሸክላ አግኝቶ ራስ ወደ ዲጂታል መቅዳት ነው፤ መርፌ በየጊዜው ከሚበላው፣ አንዴ በደንብ ይቀዳ። ከፎኖ ፕሪአምፕ (የመርፌውን ደካማ ድምፅ ከሚያጎላው መሣሪያ) ወደ ኮምፒውተር በ24 ቢት አስገቡ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (ከዲጂታሉ ጣሪያ) 6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። ሸክላው ሞኖ ከሆነ ሁለቱን ቻናል አዋህዱ፤ ኩርኩርታው ይቀንሳል። በፍላክ (FLAC፣ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ። የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራሙን ግን ብዙ አትጫኑት፤ ሽሽታውን ሲያነሳ የሳክስፎኑንም ትንፋሽ ይዞ ይሄዳል።