በ1759 ውስጥ ሦስት ወር

የአውሮፓን ሥነ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ላንብብ ብዬ ስንቴ ተነስቻለሁ። ግሪኮቹ ጋ እጀምራለሁ፣ እዚያው ግሪኮቹ ጋ እቀራለሁ። በመጨረሻ ዘዴ ቀየርኩ። አንድ ዓመት ብቻ መርጬ፣ በዚያ ዓመት የታተመውንና መድረክ ላይ የሆነውን ላሳድድ አልኩ። 1759ን ያዝኩ።

ደብተር ገዝቼ በአሥራ ሁለት ወር ከፋፈልኩት። ወዲያው ተሳሳትኩ። ያኔ ጎንደር ላይ ማን ነበር ብዬ ስጽፍ የእኛን አቆጣጠር ከእነሱ ጋር ቀላቅዬው ሰባት ዓመት ተዛባብኝ። በነሱ 1759 ዙፋኑ የልጁ የኢዮአስ፣ ሥልጣኑ የአያቱ የእቴጌ ምንትዋብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ “በነሱ” እላለሁ።

ዓመቱ ሲጀምር የፈረንሳዊው የቮልቴር ልብ ወለድ “ካንዲድ” ወጣ። ቮልቴር ስሙን አልጻፈበትም፤ ዶክተር ራልፍ ከሚባል ሰው ከጀርመንኛ የተተረጎመ ነው ብሎ ነው የለቀቀው። ጄኔቭም ፓሪስም አገዱት። መጋቢት ላይ ደግሞ የፈረንሳይ ንጉሥ ምክር ቤት የእነ ዲደሮን ትልቅ የዕውቀት መዝገብ፣ የኢንሳይክሎፔዲያን የሕትመት ፈቃድ ነጠቀ። የዶክተር ራልፍን ነገር መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር ያየሁት። የመጋቢቱን ገጽ ስሞላ ቀልድ ብቻ ሳይሆን መደበቂያም እንደነበር ገባኝ።

ሚያዝያ ላይ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። የእንግሊዛዊው ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰን “ራሴላስ” ስለ አቢሲኒያ ልዑል ነው። ጆንሰን እናቱ ጥር ላይ ሞታበት ነበር፤ ለቀብሯ ወጪ ብሎ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ በ100 ፓውንድ ሸጠው። ልዑሉ “አማራ” በሚባል ግዛት፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ተዘግቶ ያድጋል። ቆይ፣ የእኛ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስሩት ግሸን አምባ ላይ አልነበረም እንዴ? ጆንሰን አምባውን ገልብጦ ሸለቆ አድርጎታል። ገጣሚውን ደግሞ ኢምላክ ይለዋል። ይኩኖ አምላክ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ጆንሰን ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም፤ ወደ እኛ አገር የመጣውን የፖርቱጋላዊውን ሚስዮናዊ የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ግን በወጣትነቱ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1735 አሳትሟል። “ራሴላስ”ን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። እኔ በእንግሊዝኛው መጀመሬ ጥፋቴ ነው።

“ካንዲድ”ም “ራሴላስ”ም ከተዘጋ ምቾት ወጥቶ ዓለምን የሚዞር ወጣት ታሪክ ናቸው። ጆንሰን ራሱ፣ ሁለቱ እንዲህ ተቀራርበው ባይወጡ ኖሮ አንዱ ከሌላው አልቀዳም ማለት ከንቱ በሆነ ነበር ብሏል። በደራሲ በደራሲ ሳነብ ይህን ጎረቤትነት አላየውም ነበር።

በጣም የተቸገርኩት ቴአትሩ ላይ ነው። ጽሑፉ ደረቅ ሆነብኝ። ከዚያ ስለ ፓሪሱ ቴአትር ቤት ስለ ኮሜዲ ፍራንሴዝ አነበብኩ። ገንዘብ ያላቸው ተመልካቾች ራሱ መድረኩ ላይ አግዳሚ ተደርጎላቸው ይቀመጡ ነበር። በ1748 በቮልቴር “ሴሚራሚስ” ላይ የሙት መንፈሱ መውጫ አጥቶ “ለመንፈሱ ቦታ ልቀቁ!” ተብሎ እንደተጮኸ ይወራል። አግዳሚዎቹ የተነሱት በ1759 የጸደይ ወራት ነው፤ ወጪውን የሎራጌ ኮንት የሚባል መኮንን ቻለ። ነገሩን ላየው ብዬ የሳሎን ወንበሮችን መሀል ላይ ሰብስቤ እንደ ንጉሥ በመካከላቸው ለማለፍ ሞከርኩ። ጉልበቴ ተጋጨ። እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ “ምን ሆነህ ነው?” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ተዋንያኑ ለምን ቆመው ያነበንቡ እንደነበር ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ተውኔት ሳነብ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ሰው የት ተቀምጦ ነበር ብዬ ነው።

ሦስት ወር ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ተያዝኩ። የእንግሊዛዊው የስተርን ልብ ወለድ፣ የ“ትሪስትራም ሻንዲ” የመጀመሪያ ሁለት ቅጾች በዮርክ የታተሙት ያኔ ነው። ባለታሪኩ ትሪስትራም የሕይወት ታሪኬን ልንገራችሁ ይላል። ሁለተኛውን ቅጽ ጨረስኩ፣ ገና አልተወለደም።