ትርፍ አለ፣ ገንዘብ የለም

ከተማርኩት የሂሳብ አያያዝ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ቅሪ ብባል፣ ትርፍና ጥሬ ገንዘብ ለየቅል መሆናቸውን እይዛለሁ። ዴቢትና ክሬዲት፣ ማለትም የመዝገቡን ግራና ቀኝ፣ መመዝገብ በልምምድ ይመጣል። ይሄኛው ግን ስለ ንግድ የማስብበትን መንገድ ነው የለወጠው።

በ80 በጥሬ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ በ100 በዱቤ ተሸጠ እንበል። መዝገቡ ወዲያው 20 ትርፍ ያሳያል። ካዝናው ውስጥ ግን የገባ ነገር የለም፤ እንዲያውም 80 ወጥቶበታል። ገዢው ከሦስት ወር በኋላ እከፍላለሁ ካለ፣ ሻጩ እስከዚያ ድረስ አትራፊ ነው፤ እጁ ላይ ግን ምንም የለም። ደመወዝ ደግሞ በትርፍ አይከፈልም። የቤት ኪራይም እንደዚያው።

የሚገርመኝ ሽያጭ ሲያድግ ችግሩ መባሱ ነው። ብዙ ለመሸጥ መጀመሪያ ብዙ መግዛት ያስፈልጋል። የዱቤው ገንዘብ የሚሰበሰበው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ገበያው የደራለት ድርጅት፣ በወረቀት ላይ እያተረፈ፣ የሚከፍለው አጥቶ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪ መንገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ተገላቢጦሹም አለ። ብድር ሲገባ ካዝናው ይሞላል፣ ትርፍ ግን አልተገኘም። ሀብት ጨመረ፣ ዕዳም በዚያው ልክ ጨመረ። ሀብት ምንጊዜም ከዕዳና ከባለቤቱ ድርሻ ድምር ጋር እኩል ነው። እኩልነቱ የሚጠበቀው እያንዳንዱ ግብይት፣ እንደዚህ ብድር፣ ሁለት ቦታ ስለሚመዘገብ ነው። በዚህ ዘዴ የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት ነበር። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴና የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1494 አብራርቶ አሳተመው። ፈጣሪው እሱ አይደለም፤ ግን ጽፎ ስላስቀመጠልን አመሰግነዋለሁ።

ማሽን ሲገዛም ያው ልዩነት ይመጣል። በ50 ሺህ ተገዝቶ አምስት ዓመት የሚያገለግል ከሆነ፣ ገንዘቡ የሚወጣው ዛሬ ነው። ወጪው ግን በእርጅና ቅናሽ መልክ በየዓመቱ 10 ሺህ እየሆነ ይመዘገባል። ስለዚህ የድርጅት ሪፖርት ሳነብ ትርፉን አይቼ አላቆምም። ምን ያህል ገንዘብ እንደገባና እንደወጣ ወደሚያሳየው፣ ወደ ጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው፣ ቀጥታ እሄዳለሁ። ትርፉ ከዓመት ዓመት እየጨመረ፣ ከዋናው ሥራ የሚገባው ገንዘብ እየቀነሰ ከሆነ፣ ተሰብሳቢ ሂሳቡን (ገና ያልተከፈለውን ዱቤ) እና የዕቃ ክምችቱን አጥብቄ አያለሁ።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ስገባ ደግሞ ትርፍ ሌላ መልክ ይይዛል። በዓመት 120 ሺህ የሚያስገኝ ሥራውን ትቶ የራሱን ድርጅት የከፈተ ሰው አለ እንበል። ዓመቱ ሲዘጋ 90 ሺህ አተረፈ። የሂሳብ ባለሙያው የተከፈለውን ብቻ ስለሚቆጥር፣ አትርፈሃል ይለዋል። ኢኮኖሚስቱ የቀረበትንም ገቢ ስለሚቆጥር፣ 30 ሺህ ከስረሃል ይለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የጠየቁት ጥያቄ ነው የተለያየው። ይህ ማለት ሰውየው ሥራውን ይዝጋ ማለት አይደለም። የመጀመሪያ ዓመት ነው፣ ደንበኛ ገና እያፈራ ነው፣ በራሱ ማዘዙንም ከገንዘብ አብልጦ ሊወደው ይችላል። ብቻ ምን ከፍሎ እንደመረጠው ይወቀው።

ሁለቱን ትምህርቶች ለየብቻ ነው የምንማራቸው፣ ብዙ ጊዜም በተለያየ መምህር። ሁለቱ መምህራን ይህንኑ አንድ ሰው ምሳሌ አድርገው በአንድ ሳምንት ቢያስተምሩን እንዴት ደስ ባለኝ።