የ1911 ገና እና የግሬት ሌክስ ልጆች

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ አደረሰን! እዚህ ቺካጎ ብርዱ አጥንት ውስጥ የገባባችሁ፣ ዲሲ ያላችሁ፣ ዱባይና ቤሩት በሰው ቤት ስራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን በቪዲዮ ኮል የምታሳልፉ እህቶቼ፣ አገር ቤት ያላችሁ፣ ሁላችሁም።

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ውስጥ የሚመላለሰው አንድ አይነት ነገር ነው፣ "አገር እንዲህ እየሆነ ምን ገና አለ?" የሚል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው፣ የሚያለቅስ ሰው ባለበት ከበሮ መምታት ያሳፍራል። እኔ ግን ይሄን ሳነብ ትዝ የሚለኝ አንድ የድሮ ሲዝን አለ፣ እዚሁ ከኛ ሰፈር በሜትራ ባቡር ወደ ሰሜን ስትሄዱ ከምታልፉት ከግሬት ሌክስ የባህር ኃይል ማሰልጠኛ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1918 የፉትቦል ቡድናቸው። ፉትቦል ስል የአሜሪካኑን ነው፣ በእጅ የሚይዙትን፣ ኳስ አፍቃሪዎች ለዛሬ ብቻ ታገሱኝ። የሰራዊት ቡድን ማለት ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ መቻልን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛው የአለም ጦርነት ላይ አሜሪካ ስትገባ የኮሌጅ ተጫዋቾች ዩኒፎርም ለብሰው ወደየካምፑ ተበተኑ፣ ስለዚህ ጠንካራ ቡድን ያለው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ካምፕ ሆነ። ግሬት ሌክስ ደግሞ ከ100,000 በላይ መርከበኛ ያሰለጠነ ትልቅ ጣቢያ ስለነበር ልጅ ሞልቶታል። ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የቺካጎ ልጅ ጆርጅ ሃላስ፣ ኳሷን መሬት አንጥሮ በሚመታው ምት የታወቀው ፓዲ ድሪስኮል፣ ጂሚ ኮንዘልማን። ሶስቱም በኋላ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሆል ኦፍ ፌም፣ የታላላቆች መዘክር ማለት ነው፣ ገብተዋል፣ ያኔ ግን ባህር ኃይሉ ተጫወቱ ያላቸው መርከበኞች ናቸው።

ሲዝኑ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው፣ ልክ ያ አለምን ያዳረሰው የ1918 ኢንፍሉዌንዛ ጣቢያውን ሲያጥለቀልቀው። ልጆቹ በየጎጆው ታጭቀው ስለሚያድሩ በሽታው እንደ እሳት ነው የዞረው፣ በሳምንታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ወጣት መርከበኛ ግንባር እንኳን ሳያይ እዛው ሞተ። በየከተማው ስብሰባ ተከልክሎ ጨዋታ ይሰረዛል ይዘዋወራል፣ እነሱ ግን ባገኙት ቀን ይጫወታሉ። አዮዋን 10 ለ 0፣ ኢሊኖይን 7 ለ 0፣ ከኖርዝዌስተርን ጋር ዜሮ ለዜሮ። ከዛ ኖቬምበር 9 ከኖትር ዳም ጋር 7 ለ 7፣ ታላቁ አሰልጣኝ ክኑት ሮክኒ ዋና አሰልጣኝ በሆነበት የመጀመሪያ አመት መሆኑ ነው። ያን አመት ኖትር ዳም ውስጥ ማን ነበር ብትሉ ከርሊ ላምቦ፣ በኋላ ግሪን ቤይ ፓከርስን የመሰረተው ሰውዬ። ሃላስ ደግሞ የቺካጎውን ቤርስን። እዚህ ያላችሁ ቤርስና ፓከርስ ሲገናኙ ጎረቤታሞች እንዴት እንደሚኮራረፉ ስለምታውቁ ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በሁለተኛው ቀን ጦርነቱ አለቀ። የኛ ህዳር 2 ቀን 1911 መሆኑ ነው። እና እዚህ ጋ ነው እኔ ሁሌ ቆም የምለው፣ ምክንያቱም ያ ህዳር የኛም ህዳር ነው። ግሬት ሌክስን ያራገፈው በሽታ በዛው ሰሞን አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፣ የህዳር በሽታ ያልነው እሱ ነው፣ ቀባሪ ጠፍቶ ሰው በየቤቱ የቀረበት፣ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው የተረፉበት። ህዳር 12 ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ህዳርን የሚያጥነው ከዛ ወዲህ ነው፣ ልጅ ሆነን ጭሱ ውስጥ ስንሯሯጥ ከምን የመጣ እንደሆነ ማን ነገረን።

ህዳር 14 ግሬት ሌክስ አናፖሊስ ሄዶ የባህር ኃይል አካዳሚውን ገጠመ፣ ተራ መርከበኛ ከወደፊት መኮንን ጋር ማለት ነው። የኛ ሰው "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይል የለ? እዛ ግን ጌታ ተቆጣ። አካዳሚው 6 ለ 0 እየመራ ጎል መስመሩ አፋፍ ላይ ኳሷ ታመልጠዋለች፣ ኤልሰን የሚባል የግሬት ሌክስ ልጅ ይዟት ሜዳውን ሙሉ ሲበር፣ ማንም ሊደርስበት እንደማይችል ሲታወቅ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ የአካዳሚው ልጅ ዘሎ ገብቶ ጣለው! አስቡት፣ ከቤንች ተነስቶ። ክርክሩ ቀልጦ በመጨረሻ ታችዳውኑ፣ በኛ ጎሉ እንደማለት ነው፣ ጸደቀ፣ 7 ለ 6 አሸነፉ።

ግን ደግሞ ሁሉን አሳምሬ እንዳልነግራችሁ። ከዛ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲን 54 ለ 14 ሲያደቁት፣ ሩትገርስ ውስጥ ፖል ሮብሰን ነበረ፣ በኋላ ድምጹ አለምን የዞረው ዘፋኝ፣ ያኔ ግን በአገሪቱ ምርጥ ከሚባሉት ተጫዋቾች አንዱ። ያ ጥቁር ልጅ ከነሱ ጋር ሜዳ ላይ መጋጨት ይችላል፣ ባህር ኃይሉ ውስጥ ልግባ ቢል ግን በዛን ጊዜ ለጥቁር የሚከፈተው ወጥ ቤቱና የከሰል እቶኑ ነው። ግሬት ሌክስ ላይ ጥቁር መኮንኖች ማዕረግ የተሰጣቸው በፈረንጆች 1944 ነው፣ አስራ ሶስት ሰዎች። ዛሬ የኛን ልጆች እዛ በነጭ ኮፍያ ሲመረቁ ሳይ ይሄም አብሮ ይመጣብኛል።

ፐርዱ ዩኒቨርሲቲን 27 ለ 0 ጨርሰው ሳይሸነፉ ሲዝኑን ዘጉ፣ ከዛ በባቡር ካሊፎርኒያ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1919 ፓሳዴና ላይ፣ ዛሬ ሮዝ ቦውል የምንለው ጨዋታ፣ ያን አመት ኮሌጅ ሳይሆን ሁለት የወታደር ቡድን ነው የተጋጠመበት፣ ተጋጣሚያቸው የሜር አይላንድ ማሪኖች። 17 ለ 0። ሃላስ ከድሪስኮል የተወረወረለትን ይዞ ታችዳውን አገባ፣ ሌላ ኳስ ደግሞ ከተጋጣሚ ቀምቶ 77 ያርድ ሮጦ 3 ያርድ ሲቀረው ተያዘ፣ ኧረ ምነው! ያም ሆኖ የጨዋታው ኮከብ እሱ ተባለ። በኛ አቆጣጠር ታህሳስ 23 ነው፣ አዲስ አበባ ከህዳሩ የተረፈው ሰው ስድስት ቀን ቆይቶ ገናን ሊያከብር።

እንግዲህ ያን ገና ማን በምን ልቡ አከበረው? ግን አከበሩት። ጾሙን ጾመው፣ ቤተክርስቲያን ሄደው፣ በየሜዳው ገና ተጫውተው ነው የዋሉት ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም በዓሉ ለኛ እስኪደርስ አንድ አመት እንኳ አልተቋረጠም። መርከበኞቹም ጓደኛ ቀብረው የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ደስታቸው ሀዘናቸውን ሰረዘው አልልም፣ ጨዋታው ለባህር ኃይሉ ማስታወቂያም ነበር፣ እነሱም እድለኞች ናቸው፣ እኩዮቻቸው ፈረንሳይ ጭቃ ውስጥ ሲቀሩ እነሱ ሳር ላይ ነው የነበሩት። ግን አገር እንዲህ ሆኖ ለሚለው ጥያቄ፣ እኔ ዶሮዋን እሰራለሁ፣ እርድም አለ፣ ለሞቱት ደግሞ ሻማ አበራለሁ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆናል።

እና ስለ ግሬት ሌክስ ካነሳን አይቀር፣ ልጃችሁ እዛ ያለ ወላጆች ካላችሁ ስሙኝ። ቡት ካምፕ፣ የመጀመሪያው ስልጠና፣ ላይ ያለ ልጅ ጋር ምግብ ማስገባት አይቻልም አትልፉ፣ ደብዳቤ ጻፉለት። ቡት ካምፑን ጨርሶ ስኩል፣ የሙያ ትምህርቱ፣ የገባ ግን ፈቃድ አግኝቶ መውጣት ይችል ይሆናል፣ ገና የስራ ቀን ላይ ስለሚውል የቀጣዩ ቅዳሜ ቤቴ ክፍት ነው፣ ስልኬን ኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ከባቡር ጣቢያው እኔ አነሳዋለሁ። ጓደኛም ይዞ ይምጣ፣ ቅመም የማይችል ከሆነ አልጫ አለ።

መልካም ገና!